የናፈቀን ድራማው ነው ወይስ ጎረቤቱ?



ሰሞኑን በየቤቱ አንድ ወሬ እሰማለሁ። «የድሮው ድራማ ቀረ፤ የዛሬውን ልጅ ያበላሸው የውጭ ፊልም ነው» ይባላል። ይህን የሚሉት በ2000ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ገመና»ንና «ሰው ለሰው»ን እያዩ ያደጉ፣ ዛሬ እነሱም ወላጅ የሆኑ ወጣቶች ናቸው። በ2008 ዓ.ም. ቃና ተከፍቶ የቱርክ ድራማ በአማርኛ መናገር ከጀመረ ወዲህ ምግባር ጠፋ ባዮች ናቸው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ድራማው ያን ያህል ምግባር ካስተማረን፣ ከ«ሰው ለሰው» ቀድሞ ትዝ የሚላችሁ ማን ነው? አበበ ባልቻ የተጫወተው ያ ተንኮለኛ ሀብታም፣ አስናቀ አይደለምን? ተንኮሉም ክህደቱም የገንዘብ ፍቅሩም ያኔም ነበረ። በአማርኛ ስለተጻፈ ብቻ አይጸዳም፤ ከቱርክ ስለመጣ ብቻም አይከፋም።

ታዲያ የናፈቀን ምንድን ነው? በዶሮ ማነቂያ ግቢያችን ቴሌቪዥን ያለው ብዙ ነበር። ልጁ ሁሉ ተሰብስቦ የሚታጨቀው ግን ከአንዲት ክርስቲያን እናት ቤት ነው። ሁላችንም «እማማ» እንላቸዋለን። አዛን ሲሰማ ድምፁን ይቀንሳሉ፤ በረመዳን ቡናቸውን እስከ መግሪብ ያቆዩልናል። እኔ የሰፈሩ ኡስታዝ ነበርኩ። ሒፍዛቸውን ትተው እዚያ ያመሹትን ልጆች በማግስቱ እቆጣለሁ። እውነቱን ልናገር፦ ልጠራቸው ሄጄ እኔም ደፉ ላይ ቆሜ የቀረሁበት ማታ ጥቂት አይደለም።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ዶሮ ማነቂያም ፈረሰ። ጎረቤት በየአቅጣጫው ተበተነ፤ እማማም ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገቡ። ድራማውማ አለ፤ ቁርጥራጩ ከስልክ አይጠፋም። የጠፋው አብሮን የሚያየው ሰው ነው።

በቅርቡ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከዚያ ድራማ ጥቂት ቆርጦ ላከልኝ። «ኡስታዝ፣ እማማ ትዝ አሉኝ» አለኝ።

«ሄደህ ጠየቅሃቸው?» አልኩት።

«እርስዎስ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም።

ውድ ወላጆች፣ መናፈቅ ምንም አያስወጣም፤ መጠየቅ ግን የታክሲ ገንዘብም ጊዜም ይፈልጋል። በሱረቱ አን-ኒሳእ 36ኛው አንቀጽ መልካም እንድንውልላቸው ከታዘዝነው መካከል የቅርቡም የሩቁም ጎረቤት አሉበት። የቅርቡ ርቆ ቢሄድ ሐቁ አብሮ አይፈርስም። ልጆቻችንንም ለየብቻ ስልክ አስይዘን «ዘመን ከፋ» አንበል። ቃናን ከመውቀሳችን በፊት በራችን ለጎረቤት ልጅ ክፍት መሆኑን እንመልከት።

እኔ በመጪው እሑድ፣ ኢንሻአላህ፣ ያንን ተማሪዬን ይዤ እማማ ዘንድ እሄዳለሁ። እናንተስ ወደ ማን ትሄዳላችሁ?

ወሰላሙ ዐለይኩም።