በአንድ ሸቀጥ የቆመ ከተማ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር አውሮፕላኖቹ የሚነሡትና የሚያርፉት በአዲስ አበባ፣ በልደታ ሜዳ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ቦሌ ተሠርቶ የመንገደኛው በረራ ወደዚያ ሲዛወር ግን ልደታ ባዶ ሰፈር ሆና አልቀረችም። ቤተ ክርስቲያኗ፣ ፍርድ ቤቷ፣ ሱቋና ጋራዧ ይዘዋት ቆሙ፤ አንዱ ሥራ ሲሄድ ሌላው ተተካ። ይህ ነገር ለአዲስ አበባ ነጋዴ እንደ ተራ ነገር ይታይ ይሆናል። አንድ ሥራ ብቻ ይዘው በበረሓ ለተመሠረቱ የማዕድን ከተሞች ግን ይህ ዕድል አልገጠማቸውም፤ ለዚህም ከዳሎል የሚበልጥ ምስክር አይገኝም።

ዳሎል በአፋር ክልል ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው የደንከል ሜዳ ውስጥ ይገኛል። ከተማውን የፈጠረው ፖታሽ ነው። ይህ ማዕድን ለእርሻ ማዳበሪያ የሚውል ሲሆን፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት አስቀድሞ ገበያውን በብዛት ይዛ የነበረችው ጀርመን ነበረች። በ1914 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ሲነሣ የጀርመን ዕቃ ከገበያ ጠፋ፤ ዋጋውም እጅግ ናረ። ኢጣልያኖችም ይህን ተመልክተው ከቀይ ባሕር ዳር ከመርሳ ፋጢማ ወደብ እስከ ኮሉሊ 28 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ዘርግተው በ1918 እ.ኤ.አ. ባቡሩን ሥራ አስጀመሩ። ሰላም ሆኖ የሌሎች አገሮች ፖታሽ በርካሽ ወደ ገበያ በተመለሰ ጊዜ ግን የዳሎል ፖታሽ የማጓጓዣ ወጪውን ሊሸከም አልቻለም። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሥራው ቆመ። የቆመውም ማዕድኑ አልቆ ሳይሆን ገበያው ሄዶ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻና በ1960ዎቹ ደግሞ ፓርሰንስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያንኑ ፖታሽ ፍለጋ ብዙ ጉድጓድ አስቆፈረ። በዚያ ዘመን በዳሎል መኖር ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር የሙቀቱ መዝገብ ይመሰክራል። ከ1960 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. ቀንና ሌሊቱ፣ ክረምትና በጋው ተደምሮ አማካዩ ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነበር፤ ይህም ሰው ከኖረባቸው ቦታዎች ሁሉ የላቀ የዓመት አማካይ ሙቀት እየተባለ ይጠቀሳል። ቤቱ ከተጠረበ የጨው ድንጋይ ተሠራ። እህሉም ነዳጁም ከሩቅ መምጣት ነበረበት። በቦታው የሚዘራ እርሻ የለም፤ ደመወዝ ከፋዩም ኩባንያው ብቻ ነው። «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» የተባለው እንዲህ ላለው ኑሮ ነው። ኩባንያው ሥራውን ሲተው ከተማውም ተፈታ። ዛሬ በዚያ የሚታየው የፈራረሰ የጨው ግድግዳና የዛገ ብረት ነው።

የሚያስደንቀው ግን በዚያው ሜዳ ላይ ንግድ ጨርሶ አለመጥፋቱ ነው። ከዳሎል ብዙም ሳይርቅ፣ በሐመድ ኤላ አካባቢ፣ የአፋር ሰዎች ጨው ይቆርጣሉ፤ ሲራራ ነጋዴዎችም በግመል እየጫኑ ወደ በራሕሌ፣ ከዚያም ወደ መቀሌ ሲያወጡት ኖረዋል። ይህ ጨው አሞሌ ተብሎ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ እንደ ገንዘብ ይመነዘር እንደ ነበር የማያውቅ ነጋዴ የለም። በቅርብ ዓመታት መኪና የግመሉን ድርሻ ብዙ ወስዶበታል፤ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረው ጦርነትም መንገዱን አውኮታል። የጨው ቆራጩም ድካም ከባድ፣ ክፍያውም አነስተኛ ነው። ሆኖም ንግዱ ሐዲዱንም ኩባንያውንም አልፎ ኖሯል። ምክንያቱም ገዢው አንድ አይደለም፤ ጨው የማይገባበት ቤት የለም። ቆራጩም፣ ጫኙም፣ ሻጩም እያንዳንዱ የየራሱ ድርሻ አለው።

በደቡብ ደግሞ አዶላ፣ በሌላ ስሟ ክብረ መንግሥት፣ ሌላ ትምህርት ትሰጣለች። በጉጂ አገር ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወርቅ ሲታጠብ ኖሯል፤ ከተማዋንም ያሳደጋት ይኸው ወርቅ ነው። ነገር ግን ምድሩ ለም ነውና ቡና ተተከለ፤ ዛሬ የጉጂ ቡና በራሱ ስም በውጭ ገበያ ይሸጣል። በ2010 ዓ.ም. በነዋሪው የጤና አቤቱታ ምክንያት የለገ ደምቢ የወርቅ ሥራ ፈቃድ ሲታገድ፣ የአካባቢው ቡና ገዢ አላጣም። ሁለት እግር ያለው አንዱ ቢሰናከል በሌላው ይቆማል።

አንዳንድ ሰዎች «የማዕድን ኩባንያ ሥራው መቆፈር ነው፤ ከተማ ማቆም ዕዳው አይደለም፤ ሠራተኛውም ደመወዙን ይዞ ወደ መጣበት ይመለሳል» ይላሉ። ይህ አባባል ለኩባንያው ሒሳብ ትክክል ሊሆን ይችላል። ዱቤ ሰጥቶ ላልተከፈለው ባለሱቅ፣ ቤት ሠርቶ ተከራይ ላጣው ነዋሪ፣ ያንኑ መንገድ በየትውልዱ እንደ አዲስ ለምትጀምረው አገር ግን ትክክል አይደለም።

ነገሩም ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ ፖታሽ በምድሯ ውስጥ እያለ በየዓመቱ የውጭ ምንዛሪ ከፍላ ማዳበሪያ ታስገባለች። በ2015 እ.ኤ.አ. የዳሎልን የፖታሽ ሥራ የገዛው የእስራኤል ኩባንያ፣ የመሠረተ ልማት ጉድለትንና የግብር ክርክርን ምክንያት አድርጎ በ2016 ትቶ ወጣ። በ2017 እ.ኤ.አ. ለፖታሽ ጭነት የታሰበው የታጁራ ወደብ በጂቡቲ ተመረቀ፤ የማዕድኑ ሥራ ግን እንደ ታሰበው አልተከተለም። ነገ ሌላ ባለገንዘብ መምጣቱ አይቀርም።

በዚያን ጊዜ የንግዱ ማኅበረ ሰብ ዕቃ አቅርቦ ትርፉን ቆጥሮ ከመመለስ የበለጠ ሊያስብ ይገባዋል። መንገዱና ውሃው ለኩባንያው ግቢ ብቻ ሳይሆን ለጨው ነጋዴውና ለከብት አርቢውም እንዲያገለግል ውሉ ከመፈረሙ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ኩባንያውም ቀለቡንና አገልግሎቱን በተቻለ መጠን ከአካባቢው ሰው እንዲገዛ ማድረግ ያስፈልጋል። ባለሱቁም ቢሆን መደርደሪያውን ለአንድ ገዢ ብቻ መሙላት አይገባውም።

«ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይባላል። ዳሎል ሁለት ጊዜ ከተማ ሆኖ ሁለት ጊዜ ተጥሏል። በሦስተኛው ጊዜ ከማዕድኑ አስቀድሞ ገበያው ሊታሰብበት ይገባል።