የሚጮኸው ሰዓትና የሚሰማው ጆሮ
ጥበብ እያደር ስትረቅ፣ በእጅ አንጓ የታሰረ ሰዓት የባለቤቱን መንዘፍዘፍ ራሱ ለይቶ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ገና ከወደቀበት ሳይነሣ ለቤተ ዘመዱ በስልክ ወሬ እስኪያደርስ ድረስ መብቃቷ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም እንዲህ ያለውን መሣሪያ በ2010 ዓ.ም. መፍቀዱ፣ በእውነቱ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ በጌጫ ገበያ ወይም በቴፒ መናኸሪያ አንድ ሰው ድንገት አረፋ ደፍቆ ሲወድቅ፣ ግማሹ ሕመሙ በለሀጭ ይጋባል ብሎ ሲሸሽ፣ ግማሹም ክብሪት ጭሮ ጢሱን ወደ አፍንጫው ሲያስጠጋ፣ በጎኑ አስተኝቶ ራሱን ከድንጋይ የሚጠብቅለት አንድ እጅ ከታጣ፣ ሰዓቱ ለማን ይጮኻል? ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ከ60,000 የሚበልጥ የቡታጅራ አካባቢ ሕዝብ ቤት ለቤት ዳስሰው በ1982 ዓ.ም. ግድም ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ በዚህ ደዌ እንደሚሠቃይ፣ ከሕሙማኑም እጅግ የሚበዙት መድኃኒቱን ቀምሰው እንደማያውቁ አስረድተው ነበር። እንግዲህ ከሰዓቱ አስቀድሞ፣ በየቀበሌው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በተራ ስልኳ ለሕመምተኛው በየሳምንቱ እየደወለች፣ ሕመሙ ስንት ጊዜ እንደ ጣለውና የደዌው መድኃኒት የሆነው የፌኖባርቢታል ክኒን እንዳላለቀበት ጠይቃ ብትመዘግብ፣ መዝገቡም እንደ ንስሐ ምስጢር ቢጠበቅ፣ ጸበሉና ክኒኑም ሳይጣሉ አብረው ቢሄዱ፣ ያን ጊዜ ሰዓቱ ሲመጣ ጩኸቱን የሚሰማ ጆሮ ያገኛል።