ከጭብጨባው በኋላ

ልጃችሁን ለመጨረሻ ጊዜ ያቀፋችሁት መቼ ነው? በትምህርቱ አንደኛ ስለወጣ ወይም በጉባኤ ፊት ቆሞ ስለዘመረ ሳይሆን፣ ልጃችሁ ስለሆነ ብቻ? ይህን እንድጠይቃችሁ ያደረገኝ የአንዲት ዝነኛ የመድረክ ሴት ታሪክ ነው።

ኢቴል ዋተርስ እ.ኤ.አ. በ1896 በአሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ፣ ቼስተር ከተማ ተወለደች። እናቷ ገና ለጋ ሳለች ተደፍራ ነበር የጸነሰቻት። ያሳደገቻት በሰው ቤት እየሠራች የምትተዳደር አያቷ ናት። ኢቴል ልጅ ሳለች የሚያቅፋትና የሚያባብላት እንዳልነበረ በኋላ ራሷ ጽፋለች። በ13 ዓመቷ ተዳረች፤ ትዳሩም ፈረሰ። ከዚያም ፊላደልፊያ ውስጥ በሆቴል አልጋ አንጣፊነት ተቀጠረች።

በ17ኛ ዓመት ልደቷ ዕለት በአንድ የምሽት ክበብ መድረክ ላይ ዘፈነች። ሕይወቷም ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1933 ኢርቪንግ በርሊን ዜማዎቹን በደረሰለት «አዝ ታውዘንድስ ቺር» በተባለ የብሮድዌይ ትርኢት፣ ሌሎቹ ዋና ተዋንያን ሁሉ ነጮች ሲሆኑ እርሷ ጥቁሯ ኮከብ ሆነች። ባሏን የነጮች መንጋ የገደለባትን፣ ለልጆቿ እራት እያሰናዳች «አባታችሁ ከእንግዲህ አይመጣም» ብሎ መንገር የጨነቃትን ሴት ሆና ትዘፍን ነበር። ለመዝናናት በመጣ ሕዝብ ፊት ይህን ማሰማት በዚያ ዘመን ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1940 ደግሞ «ካቢን ኢን ዘ ስካይ» በተሰኘው ሙዚቃዊ ቲያትር መሪ ተዋናይት ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1949 በሠራችው «ፒንኪ» የተባለ ፊልምም ለኦስካር ሽልማት ታጨች።

ታዲያ ምን ጎደላት? ትሉ ይሆናል። መጋረጃው ሲዘጋ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ይሄዳል። ጭብጨባ እቅፍ አይሆንም። ትዳሮቿ አልጸኑም፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ሥራው ቀዘቀዘ፣ የግብር ዕዳም ተቆለለባት።

እ.ኤ.አ. በ1957 ወንጌላዊው ቢሊ ግራሃም በኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ለሳምንታት ሰበከ። እ.ኤ.አ. በ1960 አዲስ አበባ መጥቶ የሰበከው ያው ቢሊ ግራሃም ማለት ነው። ኢቴል እንደ ማንኛውም ሰው ገብታ ተቀመጠች። በ12 ዓመቷ በልጆች የመነቃቃት ስብሰባ ላይ ያወቀችው ጌታ እዚያ ዳግመኛ አገኛት። ከዚያም ስሟ በብሮድዌይ በመብራት ይጻፍ የነበረው ሴት፣ በትልቁ የመዘምራን ኅብረት መካከል እንደ አንዷ ቆማ መዘመር ጀመረች። በዚያ ስፍራ ለብቻዋ የሚያጨበጭብላት አልነበረም፤ እርሷ ግን ደጋግማ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል በግራሃም ጉባኤዎች አገለገለች። ጌታ በማቴዎስ 10 ስለ ድንቢጦች የተናገረውን መሠረት ያደረገው መዝሙር መታወቂያዋ ሆነ፤ የሕይወት ታሪኳን መጽሐፍም በስሙ ጠርታዋለች። አንዲት ድንቢጥ እንኳ ያለ አባታችን ፈቃድ በምድር ላይ አትወድቅም የሚለው ቃል፣ ማንም ሳያቅፋት ላደገች ልጅ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት! እ.ኤ.አ. በ1977፣ በ80 ዓመቷ አረፈች።

ወላጆች ሆይ፣ ጌታ ኢቴልን በ60 ዓመቷም ፈልጎ አገኛት፤ ስሙ ይባረክ። ልጆቻችን ግን መወደዳቸውን ለማወቅ ስልሳ ዓመት መጠበቅ የለባቸውም። በመድረክ ላይ ሲዘምሩ ከሁሉ አስቀድመን የምናጨበጭብ እኛ ነን፤ መልካም ነው። ነገር ግን ቃሉ የጠፋበት፣ ዜማው የተሰበረበት፣ ከነጭራሹም ለመዘመር ያልተመረጠው ልጅ ያን ዕለት ቤት ሲገባ ምን ይጠብቀዋል?

ዛሬ ማታ መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ወደዚያ ልጅ አልጋ ሂዱ። ምንም አትጠይቁት፤ እቀፉት ብቻ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።