በአንድ እጅ ስለሚጻፍ የኮምፒዩተር ፕሮግራም

የሽንፋና የመተማ ነጋዴ የሰሊጡን ኩንታል፣ የጆንያውን ተቀናሽና ለገበሬው ያበደረውን ገንዘብ በደብተር ብቻ ይዞ የሚዘልቅበት ዘመን እያለፈ ነው። አሁን የሚያስፈልገው ይህን ሒሳብ በኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚያሰናዳለት ሠራተኛ ነው። ነገር ግን ከአመልካቾቹ መካከል አንድ እጁ ብቻ የሚሠራለት ወጣት የተገኘ እንደ ሆነ፣ ቀጣሪው ፈተና እንኳ ሳይሰጠው «በአንድ እጅ እንዴት ይሆናል?» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። በቆላው አገር የእባብ መርዝ፣ የጥይት ቁስልና የመኪና አደጋ እጅን ሲያሳጡ ይኖራሉና፣ እንዲህ ያለው አመልካች መምጣቱ አይቀርም። እርሱን ሳይፈትኑ መመለስ በንግድ ዓይን ሲታይ ኪሣራ ነው።

ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ሰዓቱን የሚያውለው በማሰብ፣ የተጻፈውን በማንበብና ስሕተት በመፈለግ ነው። የጣት ፍጥነት ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ሁለት እጅ እያላቸው በሁለት ጣት ፊደል የሚለቅሙ ጸሐፊዎች በየንግድ ቤቱ መኖራቸውን ማን ያጣዋል!

እርግጥ ነው፣ ችግር አለ። በፕሮግራም ጽሕፈት ዘወትር የሚያስፈልጉት ቅንፎችና ልዩ ልዩ ምልክቶች የሚገኙት ሺፍት የተባለውን ቁልፍ ይዞ ሌላውን አብሮ በመጫን ነው። ቅንፎቹ በሰሌዳው ቀኝ በኩል ስለሚገኙ፣ ግራ እጅ ብቻ ያለው ሰው በየመሥመሩ ይቸገራል። መፍትሔው ግን ከኮምፒዩተሩ ጋር ተገዝቶ የመጣ ነው። በዊንዶውስ ሺፍትን በተከታታይ 5 ጊዜ ሲጫኑት፣ ቁልፎቹን አንዱን ከሌላው አስከትሎ መምታት የሚያስችል አሠራር እንዲከፈት ይጠይቃል። ከዚያ ወዲያ ሁለት ቁልፍ አብሮ መያዝ አያስፈልግም። እንዲሁም ድቮራክ በተባለው አሜሪካዊ ስም የሚጠሩ፣ ለግራ እጅ ብቻና ለቀኝ እጅ ብቻ የተደለደሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት አቀማመጦች በዚያው በዊንዶውስ ውስጥ ይገኛሉ። እነዚህን መልመድ ጊዜና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሁሉም ሰው ይመርጣቸዋል ማለትም አይደለም።

ነጋዴው ይበልጥ ሊያስብበት የሚገባው ጤንነት ነው። የሁለት እጅ ሥራ በአንዱ ላይ ሲወድቅ አንጓውና ትከሻው ይታመማሉ። ስለሆነም ለክንዱ የሚመች ጠረጴዛና በየመካከሉ የሚያርፍበት ጥቂት ደቂቃ ሊነፈገው አይገባም።

ይህ በቀጣሪው በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ የቆመ አይደለም። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ተስማሚ የሥራ ሁኔታ እንዲመቻች ያዛል። ተፈላጊው ችሎታ ኖሮት ከሌሎቹ ተወዳዳሪዎች እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ላገኘ አካል ጉዳተኛም ቅድሚያ እንዲሰጥ ይላል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። አዲስ የፊደል አቀማመጥ ለሚለምድ ሠራተኛ ይህ አጭር ነውና፣ ቅጥሩ የሰሊጥ አጨዳ ከሚያጣድፍበት ወራት አስቀድሞ፣ በክረምቱ ቢፈጸም ይሻላል።