የአክስቴ ጎመንና የሃይላንዱ ጠርሙስ

ለመስቀል ዶርዜ ሳልወጣ ቀርቼ ጥር ላይ ነው የሄድኩት። አክስቴ ኩርፊያዋን ረስታ ቆጮ በዳጣ ካበላችኝ በኋላ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ከእንሰቱ አለፍ ብሎ ያለው ጎመኗ ቅጠሉ ተጨማዷል፤ ጀርባውን ስትገልጠው ግራጫ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ክሽክሽ ነው። ዝናብ ሲጠፋ የሚያጥበው ስለሌለ ይበዛል።

«መድኃኒት ገዝቻለሁ፣ አንተ እርጭልኝ» ብላ ከአልጋ ሥር የሃይላንድ ጠርሙስ አወጣች። ውስጡ ወተት የመሰለ ፈሳሽ። ስም የለው፣ መጠን የለው፣ ከተረጨ በስንት ቀን እንደሚበላ የሚናገር ነገር የለው። ከገበያ ቀንሰው የሸጡላት ነው። ሕፃን ቢያገኘው ምን እንደሚመስለው አስቡት።

ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ አዋጅ ቁጥር 674/2002 አለን። አዋጁ አልጋ ሥር ድረስ አይመጣም እንጂ።

ኬሚካል ሁሉ ሰይጣን ነው አልልም። ሄክታር ሙሉ የዘራ ገበሬ ቅጠል በቅጠል ማጠብ አይችልም። የአክስቴ ጎመን ግን ሃያ እግር ነው፣ ለነገ ምሳ የሚቀጠፍ። መርዙ ደግሞ ክሽክሹን የሚበላውን ባለ ነጠብጣብ ቀይ ጥንዚዛም ይገድላል። ክሽክሽ ያለ ወንድ ስለሚራባ ቀድሞ የሚያገግመው እሱ ነው። ተባዩም ይለማመዳል፤ ጎመን የሚያጠቃው ትንሹ የእሳት እራት ዲዲቲን መቋቋሙ ጃቫ ደሴት ላይ የተዘገበው ገና በ1953 እ.ኤ.አ. ነበር። ኢኮኖሚክስ ተምሬ ከገባኝ ጥቂት ነገር አንዱ፣ ወጪ ማለት ለሻጩ የቆጠርከው ብር ብቻ አለመሆኑ ነው።

ሳሙና በውሃ በጠበጥን። አክስቴ «ለነጠላዬ የገዛሁትን!» እያለች። በጣም የተጎዳውን ቅጠል ቆርጠን ጣልን፤ የቀረውን ከጀርባው በኩል በጨርቅ አጠብን። ሳሙና የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው፤ ያመለጠው መልሶ ይራባል። ስለዚህ በአራተኛው ቀን ደገምን፤ እሷ ከሄድኩ በኋላም ቀጠለች። አምስት እግር ሞቶብናል። ቀሪው አቆጠቆጠ።

ይህን የሚያሳያት የግብርና ባለሙያ ጓሮዋ ገብቶ አያውቅም። የሴት ጓሮ ማን እርሻ ብሎት!

ጠርሙሱን ግን የት እንደምንደፋው ግራ ገባን። ወንዝ አይደፋ፣ እንሰት ሥር አይደፋ። ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ቆልፈንበት መጣሁ። እስካሁን እዚያው ነው።