ጀማሪ ተዋናይ የሚታየው ሥራ ላይ ነው

ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ2016 ለዕይታ ያበቃው «ኩዊን ኦፍ ካትዌ» የካምፓላዋን የቼዝ ተጫዋች የፊዮና ሙቴሲን ታሪክ ይተርካል። መሪዋን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችው መዲና ናልዋንጋ ከዚያ በፊት በፊልም ሠርታ አታውቅም። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ዕድለኛ ናት» ብሎ ያልፋል። እኛ በዚህ አንስማማም። የፊልሙ ሰዎች መዲናን ያገኟት እዚያው ካምፓላ፣ ዳንስ ስትለማመድ ነው። በሰው ፊት ሳይሸማቀቁ መቆምን፣ የአሠልጣኝ እርማት ተቀብሎ እንደገና መሞከርን የለመደች ልጅ ነበረች። ፈላጊዎቿ ሲመጡ ሥራ ላይ ሆና ጠበቀቻቸው።

ፈላጊዎቿም ካምፓላን የሚያውቁ ነበሩ። ዳይሬክተሯ ሚራ ናየር የከተማዋ ነዋሪ ሲሆኑ፣ ማይሻ የተባለውን የምሥራቅ አፍሪካ የፊልም ባለሙያዎች ማሠልጠኛ እ.ኤ.አ. በ2004 መሥርተዋል። በፊልሙ የፊዮናን እናት ሆና የተጫወተችው ሉፒታ ንዮንጎም ብትሆን ሥራ ላይ ሆና ያለፈች ናት፤ የኦስካር ተሸላሚ ከመሆኗ ዓመታት በፊት ኬንያ ውስጥ በተቀረጸው «ዘ ኮንስታንት ጋርድነር» ላይ ከካሜራ ጀርባ ካሉት ሠራተኞች አንዷ ነበረች።

እኛን ይበልጥ የሚገርመን ግን ዋካሊጋ ነው። በዚህ የካምፓላ የድሆች ሰፈር ቀድሞ ጡብ ሠሪ የነበሩት አይዛክ ናብዋና በግቢያቸው የድርጊት ፊልም ይሠራሉ። ጠመንጃው ከቁርጥራጭ ብረት የተበየደ ነው፤ ፊልሙ የሚቀናበርበትን ኮምፒውተር የገጣጠሙት ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 የሠሩት «ሁ ኪልድ ካፒቴን አሌክስ» በኢንተርኔት ዓለምን አዳርሷል። ተዋንያኑ የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ፊልሙ ሲያልቅ የትወና ልብሳቸውን እንደለበሱ ዲቪዲውን ይዘው ቤት ለቤት ይሸጣሉ፤ ገዢው በር ላይ የቆመውን ልጅ ከነፊልሙ ያያል። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ድካሙም ብዙ። ሆኖም አንድ ጀማሪ እዚያ ግቢ ሲገባ ከካሜራ ፊት ይቆማል፣ ይሳሳታል፣ ይደግማል። ትወና ሌላ መማሪያ መንገድ የለውም።

አዲስ አበባ ከካምፓላ የምታንስበት ምክንያት አይታየንም። የካምፓላው ብሔራዊ ቴአትር እ.ኤ.አ. በ1959 ሲከፈት የአዲስ አበባው ሀገር ፍቅር ቴአትር ከተመሠረተ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ የእኛው ብሔራዊ ቴአትርም ሥራ ጀምሮ ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ተማሪዎችን ያስመርቃል። እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ፌስቲቫል የደረሰው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» የቆመው በአንድ ሕፃን ተዋናይ፣ በረድኤት አማረ ትከሻ ላይ ነው። ተሰጥዖ አልጎደለንም።

የጎደለው በር ነው። ብዙ ፕሮዲውሰሮች የታወቀ ፊት ብቻ ይመርጣሉ፤ ጀማሪው በትውውቅ ካልሆነ የመፈተኛውን ቀን እንኳ አይሰማም። በዚህ ክፍተት ገብተው «ተዋናይ እናደርግሃለን» እያሉ የመመዝገቢያ ገንዘብ የሚቀበሉ አሉ። ለሥራ የሚፈለግ ሰው ይከፈለዋል እንጂ አይከፍልም። እንዲህ ያለ ገንዘብ የሚቀበል ሁሉ የወጣቶችን ተስፋ እየዘረፈ ነውና በሕግ ሊጠየቅ ይገባል።

ጥፋቱን «ወጣቱ ትዕግሥት የለውም» እያሉ በልጆቹ ላይ ማላከክ ይብቃ። በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደሩ ቴአትር ቤቶች ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ቀኑ አስቀድሞ በይፋ የተነገረ፣ ክፍያ የሌለበት፣ ለማንም ክፍት የሆነ የትወና ፈተና ያድርጉ። መድረካቸው ባዶ በሚያድርባቸው ምሽቶች ለአማተር ክበቦች ይፍቀዱ። ፕሮዲውሰሮችም በየሥራቸው ለጀማሪ የሚሆን ቦታ ይተዉ። ለመጀመር ለምትፈልጉ ወጣቶችም የምንላችሁ አለ፦ ለማንም ገንዘብ አትክፈሉ፤ በአቅራቢያችሁ ያለ የቴአትር ክበብ ዛሬውኑ ገብታችሁ የተሰጣችሁን ሥራ፣ ዕቃ መሸከምም ቢሆን፣ ጀምሩ።