ተራው የማን ነው?

የቅርጫ ሥጋ ሲከፈል ከባለድርሻዎቹ አንዱ ባለጠጋ፣ አንዱ ደግሞ ገንዘቡን ተበድሮ የገባ ሊሆን ይችላል። ሥጋው በየመደቡ እኩል ከተደለደለ በኋላ ግን ዕጣ ይወጣል እንጂ «ለመሆኑ ያንተ ጠባይ እንዴት ነው?» ተብሎ የሚጠየቅ የለም። ታዲያ በመደብ የማይከፈል ነገር ሲመጣ ምን ይደረጋል? ከሟች ሰው የተገኘ አንድ ልብ ለሃያ በሽተኞች አይደለደልም።

በዚህ ጉዳይ የሕዝብ አስተያየት ይጠየቅ ወይስ ነገሩ ለሐኪሞች ብቻ ይተው የሚለው ክርክር በውጭ አገር ከተነሣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እኛ ሕዝቡ ይጠየቅ ከሚሉት ወገን ነን፤ ነገር ግን ስለ ደንቡ ይጠየቅ እንጂ ስለ ሰውየው አይጠየቅ እንላለን።

ምክንያታችንን ለማስረዳት የሲያትልን ታሪክ እንጥቀስ። በዚህች የአሜሪካ ከተማ ዶክተር ቤልዲንግ ስክሪብነር በ1960 እ.ኤ.አ. ከክንድ ጋራ ተያይዞ የሚቆይ ቱቦ ስላበጁ፣ ኩላሊቱ የደከመበት ሰው ደሙን በመኪና እያሳጠበ ለዓመታት ለመኖር ቻለ። ይሁን እንጂ መኪናው ጥቂት፣ በሽተኛው ብዙ ሆነ። ስለዚህ ሐኪሞቹ ለሕክምናው ይሆናሉ ያሏቸውን ከለዩ በኋላ የመጨረሻውን ፍርድ ለሰባት ሰዎች ኮሚቴ ሰጡት። ጠበቃ፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ የባንክ ሰው፣ የቤት እመቤት፣ የመንግሥት ሹም፣ የሠራተኞች መሪና አንድ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበሩበት፤ ስማቸውም ለሕዝብ አይገለጥም ነበር።

ላይፍ የተባለው መጽሔት በ1962 ነገሩን ይፋ ሲያወጣ፣ ኮሚቴው ዕድሜን፣ የልጆችን ቁጥር፣ ገቢን፣ ትምህርትን፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድን ሳይቀር እንደሚመዝን ታወቀ። ባለትዳርና ባለሥራ የሆነው በዚህ ሚዛን ይከብዳል፤ ብቸኛውና ሥራ ያጣው ይቀላል። ሰባቱ ሰዎች ክፉዎች ነበሩ አንልም። የሚመርጡት እነርሱን የሚመስለውን ነበር፤ በዚያ ወንበር ብንቀመጥ እኛም ከዚህ የተሻለ ላናደርግ እንችላለን። በ1972 የአሜሪካ ምክር ቤት የኩላሊት በሽተኞችን ወጪ መንግሥት እንዲችል ሕግ ስላወጣ የመኪናው ችግር በገንዘብ ተቃለለ።

ልብና ጉበት ግን በበጀት አይገኙም። ዛሬም በአሜሪካ ብቻ ተራ የሚጠብቁት ከ100 ሺህ በላይ ናቸው። የብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት በ1998 ባወጣው ጥናት ተራው ሕዝብም ሐኪሞችም ጉበት ለማን እንደሚገባ ተጠይቀው፣ ጠጪዎችንና ጠባያቸው ያልተወደደላቸውን ወደ ኋላ አሰለፉ። የተማረውም ያልተማረውም በዚህ አንድ መሆኑ ያሳስባል።

«እንግዲያውስ ሕዝቡን መጠየቅ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። የጀርመንን ነገር ይመልከት። በ2012 በጥቂት ሆስፒታሎች የበሽተኞች መረጃ እየተለወጠ አንዳንዶች ወደ ፊት እንዲያልፉ መደረጉ ሲገለጥ፣ የሰጪው ቁጥር በአገሪቱ ሁሉ ቀነሰ። ሰጪው ሕዝብ ነውና፣ አሠራሩን ካላመነው እጁን ይሰበስባል። ለሌላው ዕቃ ከሆነ ገበያው ይተካዋል፤ ለዚህ ግን ሌላ ገበያ የለም፤ ቢኖርም የድሀ ገላ የሚሸጥበት ይሆናል።

አሜሪካኖች በ2002 ለጉበት ያወጡት ደንብ የበሽተኛውን ጠባይ ትቶ በደም ምርመራ ውጤት በመመራት ለሞት የቀረበውን ያስቀድማል። ይህን እናደንቃለን። ሆኖም የባሰበት ይቅደም ወይስ ብዙ ዕድሜ የሚያገኝበት የሚለው ጥያቄ በደም ምርመራ አይመለስም፤ ሕዝብ የሚመክርበት ጉዳይ ነው።

በአገራችን ኩላሊት መተካት በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ሲጀመር የሚሰጠው በሕይወት ያለ ዘመድ ስለነበር፣ ለማን ይሰጥ የሚለው በየቤቱ ያልቅ ነበር። ከሟች መቀበል ሲመጣ ግን መዝገብ ይከፈታል፤ መዝገብ ባለበትም «የእገሌን ወረቀት ወደ ላይ አድርግልኝ» የሚል ስልክ እንደማይጠፋ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወጣቶች ታውቁታላችሁ። ደንቡን የሚያረቀው ከእናንተው መካከል ይሆናልና አሳባችንን ከወዲሁ እንንገረው፤ በሽተኛው ምን ያህል እንደታመመ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጠብቅና አካሉ ይስማማው እንደሆነ በቅጹ ላይ ይጻፍ፤ ለደመወዝ፣ ለማዕረግ፣ ለሃይማኖትና ለትውልድ አገር ግን መሥመር አይሰመርበት።